መረጃም ለአራሹ ይሁን



የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድና ግልጽ ነው። የሕይወትን ነገር በሒሳብና በኮምፒዩተር የሚመረምረው ትምህርት፥ ይኸውም ባዮማቴማቲክስና ባዮኢንፎርማቲክስ የሚባለው፥ በአገራችን በማስተርስና በዶክትሬት ደረጃ እንደ ዋና ትምህርት እንጂ እንደ ጌጥ እንዳይቆጠር እንከራከራለን። እንከራከራለን ስንል ለጨዋታ አይደለም። ይህ ትምህርት ያለው አገር የራሱን እህል፥ የራሱን በሽታ፥ የራሱን ደም ራሱ ያነባል፤ የሌለው አገር ደግሞ ሌላው አንብቦ እስኪነግረው ድረስ ደጅ ይጠናል። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የማያይ ምሁር ቢኖር፥ ዲግሪውን የተቀበለው ዓይኑን ጨፍኖ ነው ብንል ድፍረት አይሁንብን። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን የምንከራከርለትን ነገር ምንነት እንግለጽ፤ ስሙ ስለ ረዘመ ብቻ የሚሸሸው ሰው ብዙ ነውና። ባዮማቴማቲክስ ማለት የሕይወትን እንቅስቃሴ በሒሳብ ቀመር መግለጽ ማለት ነው። ሮናልድ ሮስ የተባለው የብሪታንያ ሐኪም ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን በማስረዳቱ በ1902 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ነገር ግን በዚያ አላበቃም። በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ የወባን መስፋፋት በሒሳብ አስቀመጠው። ውጤቱም ወባን ከአንድ አገር ለማጥፋት የመጨረሻዋን ትንኝ መግደል አያስፈልግም፤ ቁጥራቸውን ከአንድ ወሰን በታች ማውረድ ይበቃል የሚል ነበር። በ1927 ኬርማክና ማኬንድሪክ የተባሉ ሰዎች ይህንኑ የወሰን ሐሳብ ለማናቸውም ተላላፊ በሽታ አስፋፉት።

ሐሳቡ ለማንም ሰው የሚገባ ነው። አንድ በሽተኛ ሦስት ሰው የሚያስይዝ ከሆነ፥ ከሦስቱ ሁለቱ አስቀድመው ከተከተቡ የሚያስይዘው አንድ ብቻ ይሆናል፤ የተከተበው ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ በሽታው እየከሰመ ይሄዳል። ኩፍኝ ግን አንዱ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ የሚችል ስለ ሆነ፥ ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆነው ሕዝብ ካልተጠበቀ አይቆምም። ከመቶ 80 ከትበናል ብሎ የሚያጨበጭብና ይህን ስሌት የሚያውቅ ባለ ሥልጣን አንድ ዓይነት በጀት አይጠይቁም። ሒሳቡ የሰው ነፍስ አለበት ማለታችን ስለዚህ ነው።

ባዮኢንፎርማቲክስ ደግሞ የሕይወትን ጽሑፍ የማንበብ ጥበብ ነው። የማንኛውም ፍጡር ጂኖም በአራት ፊደላት የተጻፈ ነው፤ የሰው ልጅ ጂኖም ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ ፊደል አለው። ዛሬ በብዛት የሚሠራባቸው የማንበቢያ መሣሪያዎች ይህን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር አያነቡትም፤ ቆራርጠው ነው የሚያነቡት። አንድን ብራና ሠላሳ ጊዜ አስገልብጦ፥ ሠላሳውንም ቅጂ ቀዳዶ ከደባለቁ በኋላ ብጥስጣሹን እያስተያዩ ዋናውን መጽሐፍ መልሶ መስፋት እንደ ማለት ነው። ይህን የሚሠራው ኮምፒዩተር ነው፤ ኮምፒዩተሩን የሚያዘው ግን ሒሳብም ባዮሎጂም የተማረ ሰው ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጓዳ እንግባ።

ጤፍ የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ሕፃን ልጅ እንኳ ይመልሳል። ሆኖም በ2005 አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከአገራችን መሥሪያ ቤቶች ጋር ስለ ጤፍ ስምምነት ተፈራረመ፤ በ2007 ደግሞ ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት በአውሮፓ የፓተንት መብት ተሰጠው። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ እንጂ አልሞተም። በሄግ ያለው ፍርድ ቤት፥ ይህ ነገር አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ፓተንቱን በሆላንድ ምድር ዋጋ ያሳጣው በ2018 ነው። ያውም ክርክሩ የተነሣው በሆላንድ ነጋዴዎች መካከል በተፈጠረ ጠብ እንጂ በኛ ጥብቅና አልነበረም። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ሲያቦኩት የኖሩት ሊጥ አዲስ ፈጠራ አለመሆኑን ለማስረዳት 11 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ያሉት አባቶቻችን የፓተንትን ሕግ ሳያነቡ ተርጉመውታል።

የጤፍ ጂኖም ንባብስ ከወዴት መጣ? በ2014 ፀደይ የተባለው የጤፍ ዝርያ ጂኖም ታተመ። ያሳተመው በስዊዘርላንድ በበርን ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ዘሪሁን ታደለ የሚመራው የጤፍ ማሻሻያ ፕሮጀክት ነው። በ2020 ደግሞ ዳቢ የተባለው ዝርያ ከዚያ በተሻለ ጥራት ተነቦ ወጣ፤ ይህኛው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ሥራ ነው። ያገራችን ልጅ እንዲህ ያለውን ሥራ መምራቱ ያኮራናል፤ ኩራቱን ማንም አይቀማንም። ነገር ግን ኩራት ጥያቄን አይመልስም። እህሉ ከኛ፥ አእምሮው ከኛ፥ ላቦራቶሪውና ኮምፒዩተሩ ከዚያ መሆኑ እስከ መቼ ነው? የአረቢካ ቡና ነገርም እንደዚሁ ነው። ሁለት የቡና ዝርያዎች ከ600 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ተዳቅለው አረቢካን እንደ ወለዱ የሚያሳየው ትልቅ የጂኖም ጥናት በ2024 ሲታተም፥ ሥራው ብዙ አገሮች የተሳተፉበት ነበር፤ የዱር ቡናው እናት አገር ግን አንዲት ናት። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

አንዳንዶች ሕግ አለን ይሉናል። እውነት ነው፤ በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የዘረ መል ሀብታችንና የሕዝባችን ዕውቀት ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ ይከለክላል። በ2023 ያረፉት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በዓለም ጉባኤዎች ፊት ስለ አፍሪካ ገበሬ መብት ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ሕጉ ሲታሰብ ዘሩ በከረጢት፥ ችግኙ በሻንጣ ነበር የሚሄደው። ዛሬ በኤርፖርት ሻንጣ የሚያስፈትሽ ሌባ ሞኝ ሌባ ነው። ፊደሉ አንድ ጊዜ ከተነበበ በኋላ ዘሩ ከቦታው ሳይነቃነቅ ንባቡ በኢንተርኔት ይሄዳል።

ይህን ዓለም ስላወቀ ነው በ2024 በኮሎምቢያ በካሊ ከተማ በተደረገው የብዝኃ ሕይወት ጉባኤ፥ ከነዚህ ዲጂታል ንባቦች የሚያተርፉ ትልልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው ከመቶ አንድ ወይም ከገቢያቸው ከሺህ አንድ የሚያዋጡበት የካሊ ፈንድ የተወሰነው። ፈንዱም በ2025 ተከፈተ። ማዋጣቱ ይጠበቅባቸዋል እንጂ በግድ አይደለም፤ ሆኖም በር ተከፍቷል። በዚያ በር የሚገባ ግን የገዛ ዘሩን ፊደል በሌላው መዝገብ ውስጥ ፈልጎ፥ አግኝቶ፥ ይህ የኔ ነው ብሎ ማስረዳት የሚችል አገር ነው። ጠበቃ ብቻውን ይህን አይችልም፤ ዲፕሎማትም ብቻውን አይችልም። ባዮኢንፎርማቲክስ የተማረ ሰው ከጎናቸው መቀመጥ አለበት።

አሁን ወደ በሽታ እንለፍ፤ በዚህ ቀልድ የለምና።

አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የእስያ ትንኝ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪደሃር ነው። ይህች ትንኝ የከተማ ወባ አምጪ ናት፤ የምትራባው ረግረግ ፈልጋ ሳይሆን በሮቶ፥ በበርሜልና ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃ ነው። ድሬዳዋ በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 የወባ በሽተኛ ብቻ ነበር የመዘገበችው፤ በ2022 ግን ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ሆነ። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ነገሩን በቦታው ተከታትለው ወረርሽኙን ከዚህችው ትንኝ ጋር አያያዙት፤ ጥናታቸውም በ2023 ታተመ። ከተጠኑት በሽተኞች መካከል እንደኛው በመኝታ ቤት የሚኖሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገኙባቸዋል። እንግዲህ ጓደኞቻችን፥ ነገሩ ከመጽሐፍ ወጥቶ አልጋችን አጠገብ ደርሷል።

ሌላም አለ። በብዙ ቦታ ሲሠራበት የኖረው ፈጣን የወባ መመርመሪያ የሚሠራው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተዋሲያን የሚያወጣውን አንድ ፕሮቲን በመፈለግ ነው። ያን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረ መል የጣሉ ተዋሲያን ከተነሡ መመርመሪያው ደምህ ንጹሕ ነው ይላል፤ ሕመምተኛውም ወባውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በ2017 እና በ2018 በኤርትራ፥ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን ጠረፍ አቅራቢያ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምረው በ2021 ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፥ በዚህ ምክንያት መመርመሪያው የሚስታቸው የፋልሲፓረም በሽተኞች ከመቶው ወደ 10 የሚጠጉ ናቸው። ይህን የገለጠው ማይክሮስኮፕ ብቻውን አይደለም፤ የዘረ መል ንባብና ስሌት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል፤ 1,157 ሰውም ሞቷል። ከነዚህ ቁጥሮች ፊት ቆሞ የወባን ሒሳብ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ ይህንኑ ቃል በአንድ የወባ ሟች ለቅሶ ቤት እንዲደግመው እንጋብዘዋለን።

ይህ ሁሉ ስለ አቃቂ ቃሊቲ ምን አገባው? የሚል ይኖራል። ብዙ አገባው።

አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ2011 ሲቋቋም ቦታው እዚህ ቂሊንጦ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ካሉት የልቀት ማዕከላት አንዱ የባዮቴክኖሎጂና ባዮፕሮሰስ ነው፤ ሌላው የከፍተኛ ኮምፒዩተር አቅምና የቢግ ዳታ ትንተና ነው። ሕይወትን የሚያጠናና ኮምፒዩተርን የሚያዝ በአንድ አጥር ውስጥ መገኘቱ ብዙ አገር የሚመኘው ዕድል ነው። ሁለቱን በሕግ የሚያጋባው ግን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ነው፤ ከዚህም ከዚያም ወላጅ የሚቀበል ልጅ የሚወለደው ከዚያ ነውና።

ከአጥሩ ውጭ ደግሞ እንመልከት። ከእንጦጦ ግርጌ የተነሣው የአቃቂ ወንዝ የከተማይቱን እድፍ ሁሉ እየሰበሰበ ወደኛ ይወርዳል፤ ከዚያም በአባ ሳሙኤል አልፎ አዋሽ ይገባል። በዳሩ ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል፤ ጎመኑም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይሄዳል። የከተማይቱ የፍሳሽ ማጣሪያ በቃሊቲ ነው። ለተራው ዓይን ይህ ሁሉ ሽታና አሳፋሪ ነገር ነው፤ ባዮኢንፎርማቲክስ ለተማረ ሰው ግን የሚሊዮኖች ጤና በአንድ ቦይ ተጽፎ የሚያልፍበት መዝገብ ነው። በ2013 በእስራኤል አንድም ሰው ሽባ ሳይሆን የፖሊዮ ቫይረስ በከተማ ፍሳሽ ውስጥ ተገኘ፤ መንግሥትም በሽታው ሳይፈነዳ ክትባት አዳረሰ። መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችም እንዲሁ ከፍሳሽ ሊነበቡ ይችላሉ። በዚሁ በቂሊንጦ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች ታስቦ የተሠራ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። እንግዲህ በሽታው በቦዩ፥ መድኃኒቱ በፋብሪካው፥ ኮምፒዩተሩ በግቢው ካለ፥ የጎደለው የሰለጠነ ሰው ብቻ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

አሁን ደግሞ የተቃዋሚዎችን ቃል አንድ በአንድ እንመልከት፤ ሳንሰማ ፈረድን እንዳንባል።

አንደኛው ተቃውሞ፤ «ሕዝቡ በሚራብበት አገር ይህ የጠገበ ሰው ትምህርት ነው፤ መጀመሪያ እንጀራ ይቅደም» የሚል ነው። እኛም እንጀራ ይቅደም እንላለን፤ ስለዚህም ነው ይህን ትምህርት የምንጠይቀው። በ2013 እና በ2014 ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ በግንድ ዋግ ተመትቶ የባሌ ገበሬ ስንዴውን አጣ። ዝርያው ቢጫ ዋግን እንዲቋቋም ተብሎ ተስፋፍቶ ነበር፤ አዲሱ የግንድ ዋግ ነገድ ግን በጀርባ በር ገባበት። የዋጉን ነገድ ለመለየት ናሙናው ባሕር ተሻግሮ ወራት ሲቆይ እህሉ በማሳው ያልቃል። በ2018 በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል በእጅ በሚያዝ የጂኖም ማንበቢያ የቢጫ ዋግን ዓይነት በ48 ሰዓት ውስጥ መለየት እንደሚቻል ታየ፤ ሥራው ከእንግሊዙ የጆን ኢነስ ማዕከል ጋር በመተባበር የተደረገ ነበር። ወራት ወደ ሁለት ቀን ሲያጥር እንጀራው ቀደመ ወይስ ዘገየ? የጠገበ ሰው ትምህርት ያላችሁት የተራበው ሰው ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፤ «ባዮሎጂ ለተማረው ሰው የሁለት ሳምንት የሶፍትዌር ሥልጠና ይበቃዋል፤ ዲግሪ ምን ያስፈልጋል» የሚል ነው። ይህን ለሚሉ ከጋሞ ተራሮች አንድ ታሪክ እንንገራቸው። ሞታ በተባለው ዋሻ ከ4,500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው አጥንት ተገኘ፤ ጂኖሙም በ2015 ተነቦ ወጣ። ከአፍሪካ ምድር ሙሉ በሙሉ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ የሰው ጂኖም ይህ ነው። ጥናቱ ከምዕራብ እስያና ከአውሮፓ ወገን ወደ አፍሪካ የተመለሰ ሕዝብ ዘሩን በመላው አህጉር አዳርሷል የሚል ቃል ይዞ ነበር፤ ወሬውም ዓለምን ዞረ። ጥቂት ወራት ቆይቶ በ2016 እርምት ወጣ። ሁለት ሶፍትዌሮች ሲገናኙ መደረግ የነበረበት አንድ የማዛመድ እርምጃ ተዘሎ ኖሮ ከመረጃው የተወሰነው ክፍል ሳይታወቅ ወድቋል። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መመለሱ እውነት ሆኖ ቀረ፤ «በመላው አህጉር» የሚለው ግን ፈረሰ። ደራስያኑ ስሕተቱን ሳይደብቁ በማረማቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ለኛ ያለው ትምህርት ግን ይህ ነው፤ የታወቁ ሊቃውንት በአንዲት እርምጃ የአንድን አህጉር ታሪክ ካዛነፉ፥ የሁለት ሳምንት ሠልጣኝ ምን ያህል ያዛንፍ? ቁልፍ መጫን ንባብ ነው፤ ለምን እንደሚጫን ማወቅ ትርጓሜ ነው። በአብነት ትምህርት ቤታችን እንኳ ንባብ የተማረ ሁሉ የትርጓሜ ወንበር አይሰጠውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ፤ «ጎበዞቹን ወደ ውጭ እንላካቸው» የሚል ነው። የውጭ ትምህርት አንጠላም፤ ይሂዱ፥ ይማሩ። ነገር ግን መላክ ብቻውን መርሐ ግብር አይባልም። የሚመለሰው ሰው የሚያስተምርበት ክፍል፥ የሚመራቸው ተማሪዎች፥ የሚሠራበት ኮምፒዩተር ካላገኘ ወይ ተመልሶ ይሄዳል ወይ ቢሮ ተቀምጦ ዕውቀቱ ይዝጋል። የጎረቤት አፍሪካ ወንድሞቻችን ምን አደረጉ? ደቡብ አፍሪካ በ1996 በምዕራብ ኬፕ ዩኒቨርሲቲ የባዮኢንፎርማቲክስ ተቋም መሠረተች። በኅዳር 2021 ኦሚክሮን የተባለውን የኮሮና ዝርያ ከቦትስዋና ጋር ለዓለም ቀድማ ያስታወቀችው በአንድ ሌሊት በተማሩ ሰዎች አይደለም። ናይጄሪያ በመጋቢት 2020 የኮሮናን ቫይረስ ጂኖም ከመላው አፍሪካ ቀድማ ያነበበችው በገዛ ዩኒቨርሲቲዋ በሚገኝ ማዕከል ነው። በኡጋንዳም በማከሬሬ በ2019 የባዮኢንፎርማቲክስ የልቀት ማዕከል ተከፈተ። እነዚህ አገሮች ከኛ የተለየ ሰማይ የላቸውም።

አራተኛው ተቃውሞ፤ «መብራቱ ይጠፋል፥ ኢንተርኔቱ ይዘገያል፥ እንዴት ይሆናል» የሚል ነው። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ስለ ሆነ በቁጥር እንመልስለት። የአንድ ሰው ጂኖም ጥሬ ንባብ ወደ 100 ጊጋባይት ይደርሳል። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ይህን ለማውረድ 22 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። የመቶ ሰው ከሆነ ከሦስት ወር ያልፋል። እንግዲህ መልሱ መረጃውን ወደ ውጭ እየላኩና መልሰው እየጎተቱ መኖር ሳይሆን፥ መረጃው በተወለደበት ቦታ ኮምፒዩተሩን ማቆም ነው። የመስመሩ ድካም የአገር ውስጥ ማዕከል የሚያስፈልግበት ምክንያት እንጂ የማያስፈልግበት ምክንያት አይደለም። ደግሞስ ሮስ በ1911 ምን ኮምፒዩተር ነበረው? የዚህ ሙያ ዋና ዋና ሶፍትዌሮች በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ የበሽታ ስርጭት ስሌት በተራ ላፕቶፕ ይሠራል። ኤች ሦስት ኤ ባዮኔት የተባለው የአፍሪካ መረብ ከ2016 ጀምሮ የባዮኢንፎርማቲክስ መግቢያ ትምህርት በብዙ የአፍሪካ አገሮች በየክፍሉ አስተምሯል፤ አስተማሪው በሩቅ አገር ሆኖ በቪዲዮ፥ ረዳቱ ግን ከተማሪዎቹ ጋር በአንድ ክፍል። ችግር ያለበት ሰው ዘዴ ይፈልጋል፤ ምክንያት የሚፈልገው ሌላ ሰው ነው።

አምስተኛ ተቃውሞ አለ፤ ይህኛው ግን በአፍ አይነገርም። የትምህርት ክፍል እንደ ጉልት የሚታይበት ጊዜ አለ። ሒሳብ የሒሳቦች፥ ባዮሎጂ የባዮሎጂዎች፥ ኮምፒዩተር የኮምፒዩተሮች ርስት ሆኖ፥ ድንበር የተሻገረ እንደ ወራሪ ይቆጠራል። ተማሪውም ከዚሁ በሽታ ነፃ አይደለም፤ ሒሳብ ፈርቶ ባዮሎጂ የገባ ይኖራል፥ እንቁራሪት መቅደድ ጠልቶ ሒሳብ የገባ ይኖራል። ተፈጥሮ ግን የዲፓርትመንት ክፍፍላችንን አልፈረመችበትም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩ ጊዜ፥ ይህ የኬሚስትሪ ነው ወይስ የሕክምና ብለው አልቆሙም። የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በድሃ ሰው ሳሙና መዋጋት እንደሚቻል አስረዱ፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ዓይን የነበራቸው ድንበር ስላላዩ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው በትምህርት ዝርዝር ላይ አንድ ጥሩ ስም እንዲጨመር አይደለም። ስም ያለው፥ ሥጋ የሌለው መርሐ ግብር ላም አለኝ በሰማይ ወተቷን የማላይ ነው። የምንጠይቀው የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ መርሐ ግብሩ የአንድ ክፍል ንብረት ሳይሆን የባዮሎጂ፥ የሒሳብ፥ የስታቲስቲክስና የኮምፒዩተር ክፍሎች የጋራ ይሁን፤ እያንዳንዱም ተማሪ ሁለት አማካሪ፥ አንድ ከሕይወት ሳይንስ አንድ ከሒሳብ ወገን፥ ይኑረው።

ሁለተኛ፤ ከባዮሎጂ የሚመጣው ተማሪ ካልኩለስ፥ ፕሮባቢሊቲና ፕሮግራም መጻፍ ሳይማር አይለፍ፤ ከሒሳብ የሚመጣው ደግሞ ዘረ መል ሳይማር፥ ላቦራቶሪ ሳይገባ፥ ቢያንስ አንድ ወር በማሳ ወይም በጤና ጣቢያ ሳይውል አይመረቅ። ቁጥሩ የማን እንደ ሆነ ያላየ ሰው ቁጥሩን አያከብረውም።

ሦስተኛ፤ የመመረቂያ ጥናቶች ከአገር ጥያቄ ይነሡ፤ ከጤፍ፥ ከእንሰት፥ ከቡና፥ ከወባ፥ ከስንዴ ዋግ፥ ከአቃቂ ወንዝ። የሌላ አገር መረጃ ለልምምድ ጥሩ ነው፤ ለዕድሜ ልክ ግን አይሆንም።

አራተኛ፤ ከኢትዮጵያ ናሙና የሚገኝ ማናቸውም የጂኖም ንባብ ሙሉ ቅጂው በአገር ውስጥ ይቀመጥ፤ ከውጭ ተባባሪዎች ጋር ውል ሲገባ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ናሙና ሰብሳቢ ብቻ ሳይሆን ተንታኝም እንዲሆን በውሉ ይጻፍ። የሰው ናሙና ሲሆን ደግሞ በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በቃል ሳይሆን በሥራ ይከበር።

አምስተኛ፤ ተመራቂው የሚቀጠርበት ቦታ አስቀድሞ ይታሰብ። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፥ አርማወር ሐንሰን፥ የግብርና ምርምር ማዕከላትና የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በመርሐ ግብሩ አወጣጥ ላይ ይሳተፉ፤ ተማሪዎችንም ለተግባር ሥራ ይቀበሉ።

ስድስተኛ፤ የተገኘው ውጤት ናሙናውን ለሰጠው ገበሬና ሕመምተኛ በሚገባው ቋንቋ፥ በአማርኛም በኦሮምኛም በሌላውም፥ ተመልሶ ይነገር። ከሕዝብ ደም ወስዶ ለሕዝብ የማይናገር ምሁር ከቀረጥ ሰብሳቢ አይለይም።

ክቡራን መምህራን፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 በሩን ከከፈተ በኋላ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት እስኪቋቋም እስከ 1978 ድረስ 28 ዓመት ተጠብቋል። ያ ዘመን የራሱ ምክንያት ይኖረዋል። ለዚህኛው ትምህርት ግን ሌላ 28 ዓመት የሚጠብቅልን የለም፤ ትንኟ አትጠብቅም፥ ዋጉ አይጠብቅም፥ ፓተንት ፈላጊውም አይጠብቅም። እናንተ ድንበራችሁን ጥቂት ብታላሉልን እኛ ሌሊቱን እናነጋለን።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ በ1965 ከኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ፥ ሰው የሚደክምበት ነገር ባለቤት ይሁን ማለታቸው ነበር። ያ ገበሬ መሬቱን ብቻ አልነበረም ያረሰው፤ ዘሩንም ከዘመን ወደ ዘመን መርጦ፥ ለይቶ፥ ጠብቆ ለኛ አደረሰ። ዛሬ ያ ዘር በፊደል ተጽፎ በኮምፒዩተር ሲቀመጥ የድካሙ ፍሬ መልኩን ለወጠ እንጂ ባለቤቱን አልለወጠም። ስለዚህ ባዮሎጂ የምታጠኑ ሒሳቡን አትፍሩ፤ ሒሳብ የምታጠኑ ማሳውን አትናቁ፤ ሁላችሁም በየክፍላችሁ ይህን ጥያቄ አንሡ፥ ተከራከሩበት፥ ተቃውሞ ካላችሁም በዚሁ ጋዜጣ ጻፉ።

መሬት ለአራሹ ተብሏል፤ መረጃም ለአራሹ ይሁን።